ከልብ ቫልቭ ቅየራ በኋላ ቤት ውስጥ ማገገም፦ ለታካሚና ለአስታማሚ

በእኛ አገር ደረቱ ተከፍቶ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት የልብ በር) የሚቀየርለት ሰው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ቫልቩን ያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ መነሻውም በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ የሚገባው ሰው ውሃ የሚቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ልጅ የምታዝል፣ የሚጾምና የሚሰግድ ሰው ነው። ማገገሙ የሚሰናከለውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚሁ የየዕለት ነገሮች ነው፤ በዝቅተኛ ፍራሽ፣ በጀሪካን፣ በጎመን፣ በጠያቂ ብዛት።

እዚህ የተጻፈው በዋነኝነት ሜካኒካል (ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ነገር የተሠራ) ቫልቭ ገብቶለት ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ነው። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የተሠራ ቫልቭ የገባለትም ስለ አጥንቱ፣ ስለ ቁስሉና ስለ ጥርሱ የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል፤ ዋርፋሪኑን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ለጥቂት ወራት ነው። ያከመዎት ሐኪም የጻፈልዎት ነገር ከዚህ ከተለየ የሐኪሙን ይከተሉ።

ከሆስፒታል ሳይወጡ በእጅ መግባት ያለባቸው

የቫልቩ ካርድ። የቫልቩ ዓይነት፣ መጠን፣ መለያ ቁጥርና የገባበት ቀን የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ነው። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ለቤተሰብም አንድ ቅጂ ይላኩ። ወደፊት ኤም አር አይ ለመነሳትም ሆነ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠየቃል።

የመድኃኒት ዝርዝር፣ መጠኑ በሚሊግራም የተጻፈበት። «አንድ ፍሬ» የሚል ብቻ አይበቃም፤ ዋርፋሪን በተለያየ ሚሊግራም ስለሚመጣ ነው። የክኒኑ ቀለምም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ።

የአይ ኤን አር ግብ። አይ ኤን አር ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ የደም ምርመራ ቁጥር ነው፤ ከየት እስከ የት መሆን እንዳለበት በቁጥር ይጻፍልዎ። እንዲሁም የሚቀጥለው የአይ ኤን አር ምርመራ ቀንና ቦታ። ከሁሉም በላይ የሚረሳው ይህ ነው። ሰው የቀዶ ሐኪሙን ቀጠሮ ይዞ ይወጣና ከዚያ በፊት መደረግ ያለበትን የደም ምርመራ የት እንደሚያስደርግ ሳያውቅ ሳምንታት ያልፋሉ። ነዋሪነትዎ ክፍለ አገር ከሆነ በአቅራቢያዎ አይ ኤን አር የሚሠራ ላቦራቶሪ መኖሩን ሳያረጋግጡ፣ መጠኑም ሳይረጋ አይመለሱ፤ ለጥቂት ሳምንታት ከተማ ዘመድ ቤት መቆየት ይሻላል።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፤ ቢሆንም ሕንድ፣ እስራኤል ወይም ሌላ አገር ሄዶ ታክሞ የሚመጣው ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይቀበሉ፤ እዚህ የሚከታተልዎት ሐኪም ያንን ሳያይ በግምት መሥራት የለበትም።

የደረት አጥንት

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የደረት መሃል አጥንት ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቅና ሲያበቃ በብረት ሽቦ ታስሮ ይገጠማል። ሽቦው እዚያው ይቀራል፤ የሚያወጣው የለም። አጥንቱ ለመያያዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ወደ 3 ወር። እስከዚያ ሁለቱን ግማሾች ወዲያና ወዲህ የሚጎትት ማንኛውም የክንድ ኃይል ክልክል ነው።

የክብደቱ ጣሪያ 5 ኪሎ አካባቢ ነው። የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፤ እሱም በሁለት እጅ፣ ወደ ሰውነት አስጠግቶ። ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ስለሆነ ሲጎድልም አይነካም። ልጅ ማዘልና ብድግ አድርጎ ማቀፍ፣ ሊጥ ማቡካት፣ አክንባሎ ማንሳትና እንጀራ መጋገር፣ ልብስ በእጅ አጥቦ መጭመቅ፣ ሙቀጫ መውቀጥ፣ የሚኒባስ በር ጎትቶ መዝጋት፣ ሁሉም ለ3 ወር ይቆዩ። ሕፃን ልጅ ካለ ተቀምጠው ሌላ ሰው ጭንዎ ላይ ያስቀምጥልዎ። ግንባር መሬት የሚያስነካ ስግደትም እጅን ተመርኩዞ መነሳትን ስለሚጠይቅ ለ3 ወር ይቅር፤ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስገዱ።

መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ትልቁ ጠላት ነው። ከመሬት ለመነሳት እጅ ሳይገፋ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ግፊት ደግሞ አጥንቱ ላይ ያርፋል። መተኛው ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ ወደ 45 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሁለት ፍራሽ መደራረብ ወይም የአልጋውን እግሮች የማይንሸራተት ብሎኬት ላይ ማቆም ይቻላል። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤትም ተመሳሳይ ችግር አለው። መሃሉ ክፍት የሆነ ጠንካራ የእንጨት ወይም የብረት ወንበር ከላዩ ላይ ያስቀምጡ። ርካሹን የፕላስቲክ ወንበር ቆርጦ መጠቀም አይመከርም፤ ከተቆረጠ በኋላ ክብደት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል።

ከአልጋ ሲነሱ እንዲህ ያድርጉ። ጉልበትዎን አጥፈው እንደ ግንድ በአንድ ላይ ወደ ጎን ይዙሩ። እግሮችዎን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ይልቀቁ፤ የእግሩ ክብደት ወደ ታች ሲጎትት ላይኛው አካል በራሱ ይነሳል። ተቀምጠው አንድ ደቂቃ ይቆዩ፤ ማዞር ከሌለ ትራስ ደረትዎ ላይ አቅፈው በእግር ጡንቻ ብቻ ይቁሙ። አስታማሚው የሚረዳው መዳፉን ከትከሻ ጀርባ አድርጎ በመደገፍ ነው። «እጅህን ስጠኝ» ብሎ ክንድ መሳብ ወይም ብብት ይዞ ማንሳት በደግነት የሚሠራ ስሕተት ነው፤ አጥንቱን የሚያላቅቀው ግን ይኸው ነው።

ሲያስልዎ፣ ሲያስነጥስዎና ሲስቁ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ደረትዎ ላይ አጥብቀው ይቀፉ። ሳል ስለሚያም ማፈን አይገባም፤ አክታ ሳንባ ውስጥ ሲቀር ለሳንባ ምች ይዳርጋል። ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ በጥልቀት ይተንፍሱ፤ አየሩን ሦስት ሰከንድ ያህል ይያዙና ቀስ ብለው ያውጡት። ሕመሙ የሚያስቸግር ከሆነ የታዘዘውን ፓራሲታሞል ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መዋጥ ይረዳል። በትከሻና በጀርባ መሃል የሚሰማው ሕመም የተለመደ ነው፤ ደረቱ ተከፍቶ በቆየበት ጊዜ የተወጠሩት ጡንቻዎች ናቸው። ትከሻን ቀስ እያሉ ማሽከርከር እንጂ ጎብጦ መቀመጥ አያድነውም።

ሁለት ድምፆችን መለየት ያስፈልጋል። ሜካኒካል ቫልቭ ከልብ ምት ጋር እየተከተለ እንደ ሰዓት «ጢቅ ጢቅ» ይላል፤ በተለይ ሌሊት፣ ጸጥ ሲል። ይህ ጤናማ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይለመዳል። ሲገላበጡ ወይም ሲያስሉ ብቻ የሚሰማ፣ አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ የሚመስል «ቀጭ» ግን አጥንቱ እንዳልገጠመ ምልክት ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይይ።

ሴቶች ጡት ወደ ታች ሲጎትት ቁስሉን ይወጥረዋል፤ በፊት በኩል የሚቆለፍ ለስላሳ ጡት መያዣ ቀንም ሌሊትም ይረዳል። ብረቱ ወይም ስፌቱ ቁስሉ ላይ ካረፈ ከሥሩ ንጹሕ ጋዝ ያድርጉበት።

ቁስሉ

በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና ተራ ሳሙና መታጠብ ይቻላል፤ ውሃው ከላይ ይፍሰስ፣ ቁስሉ አይፈተግ። በንጹሕ ፎጣ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁት። ቅባት፣ ቅቤ፣ ማር፣ የቡና ዱቄት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ምንም ነገር አይቀባበትም። ገንዳ ውስጥ መዘፈቅና ወንዝ መግባት ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ይቆይ። ቅርፊቱን አይላጡት። መዳን ሲጀምር ማሳከክና በዙሪያው መደንዘዝ ያለ ነው።

መጨረሻው ጫፍ፣ ከሆድ በላይ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚረጥበው ቦታ ነው፤ በየቀኑ በመስታወት ወይም በአስታማሚ ዓይን ይታይ። መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና ሙቀት፣ የቁስሉ ከንፈር መከፈት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም።

መራመድ

በመጀመሪያው ሳምንት ግቢ ውስጥ ወይም ሜዳ በሆነ መንገድ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ እየጨመሩ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 30 ደቂቃ ላይ መድረስ ጥሩ ግብ ነው። መለኪያው ንግግር ነው፤ እየተራመዱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎ ፍጥነቱ በዝቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ሰፈሩም ዳገት ስለሚበዛው፣ ዳገቱን በታክሲ ወጥቶ ቁልቁለቱንና ሜዳውን መራመድ አያሳፍርም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይረፉ። ደረጃ መውጣት ይቻላል፤ መደገፊያውን ግን ለሚዛን እንጂ ራስን ለመጎተት አይያዙት።

አንድ ቀን ብዙ ሠርቶ ሁለት ቀን መተኛት የተለመደ ወጥመድ ነው። በተለይ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሕመሙ ሲቀንስ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ አጥንቱ ግን ገና ነው።

መኪና መንዳት ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይቅር። ተሳፋሪ ሲሆኑ ከኋላ ይቀመጡ፣ ቀበቶ ያድርጉ፣ በቀበቶውና በደረትዎ መካከል የታጠፈ ፎጣ ያስገቡ። ባጃጅና ሞተር ሳይክል አጥንቱ እስኪጠነክር አይሆኑም። ረጅም መንገድ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ጥቂት ይራመዱ። ከትዳር ጓደኛ ጋር መገናኘት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይፈቀዳል፤ ሁለት ፎቅ ደረጃ ያለ ትንፋሽ ማጠርና ያለ ደረት ሕመም መውጣት ከቻሉ ልብዎ ይችለዋል፤ ክንድ ላይ መደገፍን ብቻ ያስወግዱ።

ዋርፋሪን

የአጥንቱ ጉዳይ በ3 ወር ያበቃል፤ የሜካኒካል ቫልቭ ዋርፋሪን ግን የዕድሜ ልክ ነው። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋል፤ ቫልቩ ላይ ከረጋ የቫልቩ መዝጊያዎች አይከፈቱም፣ ወይም ቁራጩ ተነስቶ አንጎል ይሄድና ስትሮክ ያመጣል። ዋርፋሪን ከበዛ ደግሞ ደም ይፈሳል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ የሚለካውም በአይ ኤን አር ነው። ዋርፋሪን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ለአዮርቲክ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት በሚወጣበት በር ላለ) ሜካኒካል ቫልቭ የተለመደው ግብ ከ2 እስከ 3፣ ለማይትራል (በግራ ልብ ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ላለ) ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። የእርስዎን ሐኪምዎ ይወስናል።

የሚወሰደው በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ምሽት ላይ ነው። ምሽት የሚመረጠው ጠዋት ደም ሰጥተው ውጤቱ ከሰዓት ሲመጣ የዚያኑ ቀን መጠን ማስተካከል እንዲቻል ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ካሉ ሁልጊዜ 1 ሰዓት ይሁን፤ በስልክዎ ደወል ይሙሉ። ውጭ አገር የታከመ ሰው ወረቀቱ ላይ «8:00» የሚል ካየ ሳይጠይቅ አይገምት፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ወይም ምሽት 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል።

መጠኑ ብዙ ጊዜ ከቀን ቀን ይለያያል። ለምሳሌ ባለ 5 ሚሊግራሙ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንድ ፍሬ፣ በቀሩት አራት ቀናት ግማሽ ከተባሉ የሳምንቱ ድምር 25 ሚሊግራም ነው። ይህን በቃል መያዝ አይቻልም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካሌንደር ይውሰዱና በየቀኑ ሳጥን ውስጥ መጠኑን አስቀድመው ይጻፉ፤ ሲውጡ ያንኑ ሳጥን ይሰርዙ። «ውጬዋለሁ ወይስ አልዋጥኩም?» የሚለው ጥያቄ ያኔ መልስ ያገኛል። ግማሽ ለማድረግ የክኒን መቁረጫ ወይም ስለታም ቢላ ይጠቀሙ፤ በጥርስ የተቆረጠ ግማሽ፣ ግማሽ አይሆንም።

ረስተው በዚያው ሌሊት ትዝ ካለዎት ይውሰዱት። በማግስቱ ካስታወሱ ያለፈው ያለፈ ነው፤ በእጥፍ አይዋጥም፣ ካሌንደሩ ላይ ግን ምልክት ያድርጉበት። ሁለት ቀን በተከታታይ ካመለጠ ለሐኪም ይደውሉ። መድኃኒቱ ከማለቁ 10 ቀን በፊት ይግዙ፤ ከፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ፋብሪካው ከተቀየረ በሳምንት ውስጥ አይ ኤን አር ያሠሩ።

መጀመሪያ አካባቢ ምርመራው በየሳምንቱ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ነው፤ ከረጋ በኋላ እስከ ወር ሊራዘም ይችላል። መጠን ሲቀየር ውጤቱ ወዲያው አይታይም፤ መታየት የሚጀምረው ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ነው፣ ሙሉ የሚሆነው በሳምንት ገደማ። ስለዚህ ዛሬ ጨምሮ ነገ መለካትና «አልሠራም» ብሎ እንደገና መጨመር ደም ለመፍሰስ ቀጥተኛ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጎመኑ። ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪን ተቃራኒ ነው፤ የሚበዛውም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ነው፦ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የሽፈራው ቅጠል። «ጎመን ክልክል ነው» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። ክልክል የሆነው መዋዠቅ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጭልፋ ጎመን የሚበላ ሰው፣ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ አንድ ጭልፋ ከበላ መጠኑ በዚያ ላይ ይስተካከላል። ችግሩ የሚመጣው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ለ55 ቀን ጎመንና ቆስጣ ከማዕድ አይጠፉም፤ አይ ኤን አሩ ይወርዳል። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል። ፋሲካ ይመጣና ጎመኑ ጠፍቶ ሥጋና ዶሮ ይተካል፤ አረቄና ጠጅ ይጨመርበታል፤ አይ ኤን አሩ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በጾምም በፍስክም ቅጠሉን እኩል ማድረግ፣ ጾሙ ከገባ በሳምንቱና ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ማሠራት። ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ይህን ያህል አይነኩትም።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ወጥ ውስጥ በሚገቡበት መጠን ችግር የለባቸውም። በመድኃኒት መልክ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ጉንፋን ሲይዝ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር፣ ወይም በየጠዋቱ አብሽ በብርጭቆ፣ ነገሩ ይለወጣል። መጠናቸው አይታወቅም፣ በዋርፋሪኑ ላይ የሚያደርጉትም አይገመትም። አልኮል ቢቀር ይመረጣል።

ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙት ከምግቡ ይልቅ አደገኞች ናቸው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ለራስ ምታት የሚዋጥ አስፕሪን (ለልብ ካልታዘዘልዎ በቀር) ደም ያፈስሳሉ። ኮትሪሞክሳዞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ፍሉኮናዞል አይ ኤን አርን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ፤ ሜትሮኒዳዞል ለተቅማጥ እንደ ከረሜላ ስለሚሸጥ በተለይ ይጠንቀቁ። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን በተቃራኒው በጣም ያወርደዋል። ለሕመም የሚሆነው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም ቢሆን ለብዙ ቀን በተከታታይ ከተወሰደ አይ ኤን አርን ሊያነሣ ስለሚችል ለሐኪም ይነገር።

በመውለድ ዕድሜ ያለች ሴት ይህን ክፍል ከባለቤቷ ጋር ታንብበው። ዋርፋሪን በተለይ ከእርግዝናው 6ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ፅንስን ይጎዳል። ያለ ሐኪም ማቋረጥ ደግሞ እናትየዋን ይገድላል። ስለዚህ እርግዝናው ከመፈጠሩ በፊት ከልብና ከማኅፀን ሐኪም ጋር ዕቅድ ይወጣ፤ እስከዚያ ተስማሚ መከላከያ ይመረጥ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው አይሆንም። የወር አበባ ቀርቶባት አንድ ሳምንት ካለፈ ምርመራው ያኔውኑ ይደረግ።

ጨው፣ ውሃና ሚዛን

በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘኑ። በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ያ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። እግር ያብጣል፣ ጫማ ይጠባል፣ ሌሊት ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። ሳይብስ ይደውሉ።

ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞልቶ የማያልፍ፣ ከምግቡ ውስጥ ያለው ተቆጥሮ። ቤት ውስጥ ቀላሉ ዘዴ ወጡ ጨው ሳይገባበት የታካሚውን ድርሻ በትንሽ ድስት ማውጣት ነው። ግን የተዘጋጀ ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ሲፈጩ ጨው ገብቶባቸው ሊሆን ይችላል፤ የታሸገ የሾርባ ቅመምም በአብዛኛው ጨው ነው። በሎሚ፣ በቃሪያ፣ በኮረሪማ ጣዕሙን ይመልሱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግብ አፍ ውስጥ እንደ ብረት ቢል አይደነቁ፤ ያልፋል። በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ መብላት ይቀላል።

ፈሳሽ ከተወሰነልዎ፣ ለምሳሌ በቀን 1.5 ሊትር፣ ጠዋት ያን ያህል ውሃ በሃይላንድ ሞልተው ያስቀምጡ። ቡና፣ ሻይ፣ ሾርባ ወይም አጥሚት በጠጡ ቁጥር ያንኑ ያህል ከሃይላንዱ ያፍስሱ፤ የቀረውን ብቻ ይጠጡ። ፉሮሰማይድ (ትርፍ ውሃን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) ከታዘዘ የመጀመሪያው ጠዋት፣ ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይሁን፤ ማታ የተዋጠ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ያመላልሳል።

የሆድ ድርቀት በሕመም ማስታገሻና በብረት ክኒን ምክንያት ይመጣል። ማማጥ አይገባም፤ አጃ፣ ብርቱካንና መራመድ ካልረዳ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይጠይቁ።

ጾም፣ ጠበል፣ ጠያቂ

ምሽት የሚወሰደው ዋርፋሪን ከጾም ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው ጠዋት ፉሮሰማይድ ውጦ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ነው፤ ሰውነት ይደርቃል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ቆሞ ይወድቃል። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለሕሙም ሰዓቱን ማሳጠር የታወቀ ነው። በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆዩ። ጠበል የሚጠጣ ሰው መጠኑን ከፈሳሹ ድርሻ ላይ ይቁጠረው፣ ቁስሉ ሳይደርቅም አይጠመቅ። ለጠበል ሲባል ዋርፋሪን ማቆም ግን በቀናት ውስጥ ቫልቩን ሊያዘጋው ይችላል።

ጠያቂ መምጣቱ ደስ ይላል፤ ቤቱን ሙሉ ቀን ካጨናነቀው ግን ታካሚው አያርፍም። የቤቱ ሽማግሌ ወይም አንድ ደፋር ዘመድ በር ላይ ይቁምና «ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ብቻ» ይበል። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ትከሻ ለትከሻ መሳሳም ለ3 ወር ቀርቶ በእጅ ሰላምታ ይተካ። ዕጣንና የከሰል ጭስ ካለበት ክፍል ታካሚው ይራቅ። ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ምግብ ካስጠላ ለሐኪም ይነገር።

ፔኒሲሊንና ጥርስ

ቫልቭ መቀየሩ የሩማቲክ ትኩሳትን አያቆመውም፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይቀጥላል ወይስ በሚዋጥ ይተካ የሚለውን ሐኪምዎን ይጠይቁ። መርፌው ከቀጠለ ለሚወጋዎት ባለሙያ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይንገሩ፤ አይ ኤን አሩ ከግቡ በላይ ከሆነ ቀኑ ይለወጥ። ከተወጉ በኋላ ቦታውን 10 ደቂቃ አጥብቀው ይጫኑ፣ አያሹት።

አፍ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ይቀመጣል። ለስላሳ ብሩሽ በቀን ሁለት ጊዜ ይጠቀሙ፤ ድድ የሚያደማ መፋቂያ ይቅር። ጥርስ ከመነቀልዎና ድድ ከሚያደማ ማንኛውም የጥርስ ሕክምና በፊት አንቲባዮቲክ መወሰድ አለበት፤ ለአዋቂ የተለመደው አሞክሲሲሊን 2 ግራም፣ ሕክምናው ሊጀመር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ጊዜ ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎ ሌላ ይታዘዛል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ድድ መነቀስ፣ ዋግምት፣ ሁሉም ፈጽሞ አይሆኑም።

ምክንያቱ የማይታወቅ ትኩሳት ሲመጣ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መጀመር ትልቅ ጥፋት ነው። የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ያለውን ተሕዋስ የሚለይ ምርመራ) ሳይወሰድ መድኃኒቱ ከገባ ተሕዋሲው ይደበቃል፤ ቫልቩ ላይ ያለው ኢንፌክሽን ግን ይቀጥላል።

ወዲያውኑ የሚሮጥባቸው

ፊት አንድ ጎን መውደቅ፣ ክንድ ወይም እግር መስነፍ፣ ምላስ መያዝ። የቫልቩ «ጢቅ» መታፈን ወይም መጥፋት። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ በጣም ፈጣንና የተዛባ የልብ ምት። ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ ለ10 ደቂቃ ተጭነውት የማይቆም ነስር። ጭንቅላት ከተመታ፣ ደም ባይታይም እንኳ። እየጨመረ የሚሄድ ድካም፣ ማዞርና የደረት መጫን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብ ዙሪያ ደም ወይም ፈሳሽ መጠራቀሙን ሊያመለክት ስለሚችል «ዋርፋሪኑ አድክሞኝ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ ያሉ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101 ይደውሉ። የቫልቭ ካርዱንና ካሌንደሩን ይዘው ይሂዱ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚነገረው «ሜካኒካል ቫልቭ አለኝ፣ ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ነው፤ ታካሚው መናገር ካልቻለ አስታማሚው ይበል። ለሕመም ብለው የዳይክሎፌናክ መርፌ ሊወጉ ከተዘጋጁ እዚያው ላይ ያስቁሟቸው።